የማረጋጊያ ኪኒንን ቀስ ብሎ መተው፦ ለአዲስ አበባ ሰው ዝርዝር መመሪያ

ዛሬ ማታ ኪኒናችሁን እንዳትተዉት። ይህን ዓይነት ጽሑፍ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ አምርሮ ነው የሚመጣው፤ «በቃኝ፣ ከነገ ጀምሮ አልነካውም» ብሎ። ምሬቱ ይገባኛል። ግን ለእንቅልፍ፣ ለጭንቀት ወይም «ለነርቭ» ተብለው የሚታዘዙት እነዚህ መድኃኒቶች ለወራት ተወስደው በአንድ ጊዜ ሲቋረጡ ሰውን አንቀጥቅጠው ሊጥሉ፣ አልፎ አልፎም ሕይወት ሊያሳጡ ይችላሉ። ስለዚህ ዛሬ የታዘዘላችሁን ውሰዱ። ቅነሳው የወራት ሥራ ነው።

ቅነሳውን የሚመራው ሐኪም ነው። ከአንዱ ቀጠሮ እስከ ሌላው ያሉትን ሌሊቶች የሚያሻግራችሁ ግን ነገሩ የገባው፣ ስልክ ስትደውሉለት የሚያነሳ ሰው ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም።

መጀመሪያ ማሸጊያውን አንብቡ

«የእንቅልፍ ኪኒን» የሚለው ስም አይበቃም። ማሸጊያውን አውጡና በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም ፈልጉ። ዲያዜፓም (ቫሊየም)፣ ብሮማዜፓም፣ ሎራዜፓም፣ አልፕራዞላም ወይም ክሎናዜፓም የሚል ከሆነ ይህ መመሪያ ይመለከታችኋል። ሁሉም ቤንዞዲያዜፒን የሚባሉ የአንድ ወገን መድኃኒቶች ናቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1960 ገበያ ላይ ዋለ። ቫሊየም በ1963 ተከተለ። ሁለቱንም ያገኘው ሊዮ ስተርንባክ የተባለ የሮሽ ኩባንያ ኬሚስት ነው። ከነሱ በፊት ከነበሩት የእንቅልፍ መድኃኒቶች ያነሰ አደገኛ ስለነበሩ ዓለም በደስታ ተቀበላቸው። ሰውነት እንደሚለምዳቸው በሰፊው የታመነው ዘግይቶ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ስለዚህ መላመድ በሁሉም ላይ ጠንካራውን ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ያዘዘው ገና በ2020 ነው።

አሚትሪፕቲሊን ከሆነ የምትወስዱት፣ ወገኑ ሌላ ነው። እሱም በድንገት አይተውም፤ እዚህ ያለው ስሌት ግን አይሠራለትም። ክሎናዜፓም ወይም ፊኖባርቢታል ለሚጥል በሽታ የታዘዘላችሁ ደግሞ ምንም ሳትነኩ ሐኪማችሁን አነጋግሩ።

ከስሙ ቀጥሎ ሚሊግራሙን ጻፉ። ቁጥሩ ትንሽ መሆኑ አያታልላችሁ። ግማሽ ሚሊግራም አልፕራዞላም ወይም ክሎናዜፓም፣ አንድ ሚሊግራም ሎራዜፓም እና 10 ሚሊግራም ዲያዜፓም በጉልበት የሚቀራረቡ ናቸው። «እኔ እኮ ግማሽ ብቻ ነው የምወስደው» የሚል ሰው የግማሹን ክብደት ላያውቀው ይችላል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላስረግጥ። ሐኪም ያዘዘውን፣ ባዘዘው ሰዓት፣ አንድም ቀን ሳያዛንፍ የወሰደ ሰው አካልም ይለምዳል። አእምሯችን ውስጥ ጋባ የሚባል ነርቭን የሚያረጋጋ ንጥረ ነገር አለ። መድኃኒቱ የጋባን ጉልበት ይጨምራል። አእምሮ ይህን ሲለምድ በራሱ መረጋጋትን ይቀንሳል። መድኃኒቱ ድንገት ሲጎድል ነርቮች ያለ ልክ ይነቃሉ። ከሳምንታት አጠቃቀም በኋላ ይህ በማንም ላይ ሊደርስ ይችላል። የባሕርይ ጉድለት አይደለም፤ የእምነት ማነስም አይደለም።

ሐኪም ዘንድ ምን ይዛችሁ ትገባላችሁ

በመሀል ከተማ የሥነ አእምሮ ሕክምና የሚገኝባቸው የመንግሥት ሆስፒታሎች አሉ፦ ጥቁር አንበሳ፣ ዘውዲቱ፣ ጳውሎስ፣ መርካቶ አካባቢ ያለው አማኑኤል። የአማኑኤል ስም ሲነሳ ብዙ ሰው ይሸማቀቃል። «ሰው ቢያየኝስ?» ይላል። ሠፈራችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የሪፈር ወረቀት አጽፉ። ከጤና ጣቢያው ጀምሮ የሄደ ሰው የተሻለ ይስተናገዳል።

ወረፋው ረጅም፣ ምርመራው ክፍል ውስጥ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ የምትናገሩትን አስቀድማችሁ በወረቀት ያዙ። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ዶክተር፣ ዲያዜፓም 10 ሚሊግራም ማታ ማታ እወስዳለሁ፤ ሁለት ዓመት ሆነኝ። መተው እፈልጋለሁ፣ ግን ቀስ ብዬ። ባለፈው ሁለት ቀን ሳልወስድ ስቀር እጄ ተንቀጠቀጠ፣ እንቅልፍም አጣሁ። የቅነሳ ፕላን አብረን እንሥራ?» ማሸጊያውን አሳዩ። ሌላ የምትወስዱትን ሁሉ፣ የደም ግፊቱንም የወሊድ መቆጣጠሪያውንም ተናገሩ። መጠጥና ጫት ካለ አትደብቁ። ሐኪሙ ሊፈርድባችሁ ሳይሆን ስሌቱን ለማስተካከል ነው የሚፈልገው።

ቤት ሆነው መቀነስ የማይገባቸው ሰዎች አሉ። ከዚህ በፊት የሚጥል ነገር ያጋጠመው፣ በየቀኑ የሚጠጣ፣ በጣም ከፍተኛ መጠን የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ የሚመላለስበት። እነዚህ የቅርብ ክትትል፣ አንዳንዴም ተኝቶ መታከም ያስፈልጋቸዋል።

«ዝም ብለህ ተወው፣ ምንም አትሆንም» የሚል መልስ ካገኛችሁ አትጨቃጨቁ። አመስግናችሁ ውጡና ሌላ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጋ ሂዱ። እኔ በዚህ ነጥብ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም እላለሁ።

መድኃኒቱ የሚታዘዘው በተለየ የማዘዣ ወረቀት ነው፤ ማንኛውም ፋርማሲ በቀላል ወረቀት አይሰጣችሁም። ስለዚህ ኪኒኑ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ቀጠሮ ያዙ። ገና፣ ፋሲካ፣ ኢድ ወይም መስቀል ከፊት ካለ ደግሞ ቀደም በሉ። በዓል ላይ መድኃኒት አልቆበት በድንገት የተቋረጠበት ሰው በዓሉን አልጋ ላይ ያሳልፋል።

ቅነሳው በወረቀት ላይ ሲቀመጥ

የአሜሪካ የሱስ ሕክምና ማኅበር ከሌሎች የሙያ ማኅበራት ጋር እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው መመሪያ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ በመቀነስ መጀመርን ይመክራል። በ2 ሳምንት ውስጥ ከ25 በመቶ በላይ መውረድ በጥቅሉ አይደገፍም። እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1994 እንግሊዝ አገር ኒውካስል ውስጥ ለዚሁ ጉዳይ ክሊኒክ የመሩት ፕሮፌሰር ሄዘር አሽተንም ያስተማሩት ይህንኑ ነው፦ በዝግታ፣ በታካሚው አቅም ልክ።

ይህ በኪኒን ሲተረጎም ምን ይመስላል? ከሐኪም ጋር ለመነጋገሪያ እንዲሆን ብቻ አንድ ምሳሌ እንሥራ። በማታ 10 ሚሊግራም ዲያዜፓም፣ ማለትም ሁለት ባለ 5 ሚሊግራም ኪኒን የምትወስድ ሴት አለች እንበል። አንዱን ኪኒን አራት ቦታ ብትከፍለው አንዱ ሩብ 1.25 ሚሊግራም ነው። መጀመሪያ አንድ ሩብ ታስቀራለች፤ 8.75 ይሆናል። ከዚያ 7.5፣ 6.25፣ 5። እስከዚህ እያንዳንዱ ቅነሳ ከ5 እስከ 10 በመቶው ቢበልጥም ከ25 በመቶው በታች ነው። ነገር ግን ያው አንድ ሩብ ወደ ታች ሲወርድ እየከበደ ይመጣል። ከ10 ላይ ሲነሳ 12.5 በመቶ ብቻ ነበር። ከ5 ላይ ሲነሳ 25 በመቶ ነው። ከ2.5 ላይ ሲነሳ ግማሹ ነው! ብዙ ሰው «ይሄን ሁሉ ወርጄ መጨረሻው ላይ ለምን ተሰበርኩ?» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ከ5 በታች ስትደርሱ አነስተኛ ሚሊግራም ያለው ኪኒን ወይም ፈሳሽ ዲያዜፓም ይገኝ እንደሆነ ሐኪሙንና ፋርማሲስቱን ጠይቁ። ካልተገኘ እያንዳንዱ እርከን ላይ የምትቆዩበትን ጊዜ ማርዘም ይቻል እንደሆነ ተነጋገሩ። በሩብ ሩብ እንኳ ቢሄድ ስምንት እርከን ነው፤ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ሲታሰብ ከአራት እስከ ስምንት ወር ይፈጃል። ይህን ከመጀመሪያው ማወቅ ያሳርፋል።

ለመቁረጥ የቢላ ጫፍ አይሆንም። ኪኒን መቁረጫ ፋርማሲ ጠይቁ። ሩቦቹ እኩል አይወጡም፤ ትልቁን ዛሬ ከወሰዳችሁ ትንሹን ነገ ውሰዱ፤ በሁለት ቀን ይካካሳል። የተሰበረውን ከእርጥበት ጠብቁት። ልጆች እጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት።

አልፕራዞላም ወይም ሎራዜፓም የምትወስዱ ሌላ ነገር ይገጥማችኋል። ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጡ የሚቀጥለው ሰዓት ሳይደርስ ጭንቀቱ ይመጣል። ዲያዜፓም ግን ለቀናት ይቆያል። ለዚህ ነው አንዳንድ ሐኪም መጀመሪያ ወደ ዲያዜፓም ቀይሮ ከዚያ የሚቀንሰው። ለአረጋውያንና ጉበታቸው ለተጎዳ ግን መቀየሩ ላይመች ይችላል። በራሳችሁ አትቀይሩ።

አንድ እርከን ከከበዳችሁ እዚያው ቆዩ። ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ጥቂት ሳምንት መቆየት ሽንፈት አይደለም። ወደ ላይና ወደ ታች መዋለል፣ ማለትም ሰኞ ቀንሶ ሐሙስ መጨመር፣ ይበልጥ ያደክማል።

የሚመጣባችሁን አስቀድማችሁ እወቁ

እንቅልፍ ማጣት፣ ላብ፣ የልብ ትርታ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የጡንቻ መዝለል፣ ጆሮ ውስጥ መጮህ፣ ብርሃንና ድምፅ አለመቻል፣ የሆድ መረበሽ። «ከራሴ ውጭ ሆኜ ራሴን የማይ ይመስለኛል» የሚሉም አሉ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ አበድኩ ብሎ ያስባል። የነርቭ መነቃቃት ምልክት ነው፤ ያልፋል።

ቶሎ ከሚወጡት መድኃኒቶች በአንድ ሁለት ቀን፣ ከዲያዜፓም ደግሞ እስከ ሳምንት ዘግይቶ ሊጀምር ይችላል። ቀጥ ብሎ እየተሻለ አይሄድም። ሦስት ደህና ቀን መጥቶ አንድ መጥፎ ቀን ይከተላል። ለዚህ ነው ማስታወሻ ደብተር የምመክረው። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር ይበቃል፦ «ማክሰኞ። 7.5። ለአራት ሰዓት ያህል ተኛሁ። ከሰዓት ልቤ መታ፣ በእግሬ ሄድኩና ተወኝ።» በመጥፎው ቀን ገጹን ወደ ኋላ ስትገልጡት ያለፈው መጥፎ ቀን ማለፉን በራሳችሁ እጅ ጽሕፈት ታነባላችሁ። ለሐኪሙም ከማንኛውም ገለጻ የተሻለ ማስረጃ ነው።

ቡና፣ ጫት፣ መጠጥ፣ ጾም

መጠጥ ቁርጥ ነው። ጠላም ሆነ አረቄ፣ ቢራም ሆነ ወይን፣ አልኮል በዚያው በጋባ በኩል ነው የሚሠራው። ከኪኒኑ ጋር ትንፋሽ ያፍናል፤ ኪኒኑን ቢተካም ሌላ መላመድ ያመጣል። ትራማዶልና መሰል የሕመም ማስታገሻዎችም ከነዚህ ጋር ሲገናኙ ትንፋሽን ሊያቆሙ ይችላሉ። ለጥርስ ሕመም እንኳ ስትታከሙ የምትወስዱትን ተናገሩ።

ጫት ነርቭን ያነቃል። ቀን ቅሞ ማታ ለ«ምርቃና መስበሪያ» ኪኒን መውሰድ የለመደ ሰው ኪኒኑን ብቻ ለይቶ መቀነስ ይከብደዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ለሐኪሙ አቅርቡ።

ቡና ላይ ጨካኝ አልሆንም። የአቦል፣ የቶና፣ የበረካ ወግ ራሱ ሰው ያገናኛል፤ በዚህ ጊዜ ሰው መድኃኒት ነው። ስኒውን ግን ወደ ጠዋት አምጡት፤ ከቀትር በኋላ ጦስኝ ወይም ዝንጅብል ያዙ። ሰው ቤት «አንድ ስኒ ብቻ» ሲባል «ሐኪም ከልክሎኛል» ማለት ይበቃል፤ ማንም ቅር አይለውም።

ባዶ ሆድ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ያስመታል፤ ከጭንቀት ጋር ይምታታል። የምትጾሙ ከሆነ የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪም፣ የጾሙን ጉዳይ ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከኢማማችሁ ጋር ተማከሩ። በረመዳን ወደ ኢፍጣርና ሱሁር ማዛወር ለሚቻለው ሰው ቀላል ነው፤ ቀን ላይ የሚወሰድ ካለ ግን በራስ ውሳኔ መዝለል አይገባም።

ጠበል ስለሚሄዱ አንድ ቃል። «መድኃኒቱን ጥለህ ና» የሚል ሰው ይገጥማችሁ ይሆናል። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ለዚህም ያው ነው። ኪኒናችሁን በኪሳችሁ ይዛችሁ ተጠመቁ።

ሰው የምታገኙበት መንገድ

ሐኪም «የጆሮ ጩኸት ሊኖር ይችላል» ይላል። ያለፈበት ሰው ግን «አይዞሽ እህቴ፣ እኔንም ይዞኝ ነበር፤ ማታ ሬዲዮ በዝግታ ከፍቼ ነው የተኛሁት» ይላል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ትከሻ ያወርዳል። ይህን የሚላችሁን ሰው መፈለግ የሕክምናው አካል አድርጋችሁ ቁጠሩት።

መነሻው የሥነ አእምሮ ነርሷ ናት። የሌላ ታካሚ ስልክ ልትሰጣችሁ አትችልም፤ አይገባትምም። የእናንተን ግን መተው ትችላላችሁ። ስምና ቁጥር በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ «ይህን መድኃኒት እየቀነሰ ያለ ሰው ካለና ፈቃደኛ ከሆነ ይደውልልኝ» በሉ። ሴት ብቻ ወይም ወንድ ብቻ እንዲደውል ከፈለጋችሁ ይኸንንም ጻፉ። አዲስ አበባ ውስጥ ታካሚዎች ራሳቸው ያቋቋሙት የአእምሮ ጤና ተጠቃሚዎች ማኅበርም አለ፤ ሆስፒታል ውስጥ ስትጠይቁ እንዲያገናኟችሁ አድርጉ።

እንደ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ያሉ የመጠጥ መረዳጃ ቡድኖች ልባቸው ሰፊ ነው። አንድ ነገር ግን ልዩነት አለው፦ መጠጥ የሚተው ሰው አንድም ጠብታ እንዳይነካ ይበረታታል፤ የእናንተ ግን ገና ለወራት በየቀኑ የሚወሰድ መጠን አለው። እዚያ ከገባችሁ ይህን በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ። «ንጹሕ ለመሆን ዛሬውኑ ጣለው» የሚላችሁን አትስሙ።

ቴሌግራም ላይ ቡድን ታገኙ ይሆናል። ጠቃሚ ነው፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የነቃ ሰው የሚገኘው እዚያ ነው። ግን በጣም የተጎዳ ሰው ነው አብዝቶ የሚጽፈው፤ ተሽሎት ሥራው ላይ ያለው አይጽፍም። ስለዚህ የምታነቡበትን ሰዓት ወስኑ። ኪኒን እሸጣለሁ የሚል ካለበት ውጡ።

ከሁሉ የሚሻለው በአካል የሚገናኝ ትንሽ ቡድን ነው። ሦስት ሰው ይበቃል። ባልና ሚስት እንኳ የማይነጋገሩትን ነገር ፊት ለፊት ተቀምጦ ማውራት ይከብዳል፤ ጎን ለጎን እየሄዱ ግን ይወጣል። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ከአራት ኪሎው የድል ሐውልት ተነስታችሁ፣ በብሔራዊ ሙዚየም በኩል አድርጋችሁ፣ እስከ ስድስት ኪሎው የሰማዕታት ሐውልት ሂዱ። እግር የሚከዳው ሰው ካለ መሀል ላይ አረፍ በሉ። ዝናብ ከሆነ ካፌ ግቡ፤ ሙዚቃው የማይጮህበትን ምረጡ፣ ድምፅ የሚረብሸው ሰው አይጠፋም።

ለአካሄዱ የሚጠቅሙ ደንቦች ጥቂት ናቸው። የተነገረው እዚያው ይቀራል። ማንም ለማንም ኪኒን አይሰጥም፤ አያበድርም። ማንም የሌላውን ሚሊግራም አይወስንም፤ «እኔ እንዲህ አደረግኩ» ይባላል እንጂ «አንተ እንዲህ አድርግ» አይባልም። ፍጥነት አይወዳደሩም። እንደ እድር የቀረ ሰው ይፈለጋል፦ አንድ ቅዳሜ ያልመጣ ሰው በዚያው ቀን ይደወልለታል። ይህ የመጨረሻው ደንብ ቡድኑን ከወሬ ስብሰባ የሚለየው ነው። ቅጣት ግን አይጻፍበትም።

ቤተሰብም መንገሩ አይቀርም። ሁሉም ማወቅ የለበትም፤ አብሯችሁ የሚያድር አንድ ሰው ግን ይወቅ። «እማዬ፣ መድኃኒቱን በሐኪም ትዕዛዝ እየቀነስኩ ነው። ለጥቂት ወራት እንቅልፍ ሊነሳኝ፣ ቶሎ ልናደድ እችላለሁ። በአንቺ ተቀይሜ አይደለም። ሌሊት ስነሳ ብታዪኝ አትደንግጪ፤ ስወድቅና ስንቀጠቀጥ ካየሽ ግን አምቡላንስ ጥሪ።» እንዲህ በግልጽ ሲነገር ሰው የሚያደርገውን ያውቃል።

አምቡላንስ የሚያስጠራው

መንዘፍዘፍ፣ የሌለ ነገር ማየት ወይም መስማት፣ ቀንና ቦታ መሳት፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ። ከነዚህ አንዱ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የከተማው እሳትና ድንገተኛ አደጋ ደግሞ 939 ነው። ቅርብ ካላችሁ ወደ ማንኛውም ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በታክሲ ሂዱ፤ ለሚቀበለው ሐኪም የመድኃኒቱን ስም፣ መቼ እንደተቀነሰና የመጨረሻው የተወሰደበትን ሰዓት ንገሩ። ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ።

ሰው ሲንዘፈዘፍ ክብሪት ለኩሳችሁ አታሽትቱት። ቁልፍ አታስጨብጡት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ አታስገቡ፣ እጅና እግሩን አትጨብጡ። ጭንቅላቱ ስር ጋቢ ወይም ልብስ አድርጉ፣ ዙሪያውን ያለውን ሹል ነገር አርቁ፣ ሲረጋጋ በጎኑ አዙሩት፣ ሰዓት ያዙ። ቶሎ ቢቆምም እንኳ በዚህ ምክንያት የመጣ ከሆነ ሆስፒታል ይሄዳል።

ከመጨረሻው ሩብ በኋላ

የመጨረሻዋ ሩብ ከቆመች በኋላ ጥቂት ሳምንት፣ ለአንዳንዱም ጥቂት ወራት፣ ምልክቱ እየመጣ ሊሄድ ይችላል። ቀጠሮውን አታቋርጡ፤ መጀመሪያ ኪኒኑን ያስጀመራችሁ ጭንቀት ወይም እንቅልፍ ማጣት አሁንም ካለ የሚታከምበት ሌላ መንገድ አለ፣ የንግግር ሕክምናም ጭምር። ወደፊት ሌላ ሐኪም ለሌላ ሕመም «ትንሽ የሚያረጋጋ ልጻፍልህ» ሲላችሁ ይህን ታሪክ ንገሩት። የቀሩትን ኪኒኖች እንቅልፍ ለሚነሳት ጎረቤት አትስጡ፤ ወደ ፋርማሲው ወስዳችሁ እንዲያስወግዱላችሁ ጠይቁ። ቅዳሜ ጠዋትም ኑ፤ ገና 8.75 ላይ ያለ ሰው የሚጠይቃችሁ ብዙ ነገር አለው።